ለባዳ የምንታገሰውን ለቅርብ ሰው ለምን እንነፍገዋለን?

ይህን የኢንተርኔት የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጥያቄዬ አጭር ነበር። መሥሪያ ቤት አብሮን የሚውል ሰው ስማችንን አሳስቶ ሲጠራን ፈገግ ብለን እናልፈዋለን። መንገድ ላይ የማናውቀው ሰው ገፍቶን ሲሄድ ምንም አይደል እንላለን። ማታ ቤት ስንገባ ግን ወንድማችን ቻርጀራችንን ሳያስፈቅድ ወሰደ ብለን ቤቱን በአንድ እግሩ እናቆመዋለን። ለምንድነው እንዲህ የሚሆነው?

መቻቻል ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ ሃይማኖትና ወደ ፖለቲካ ይሄዳል። እሱም ትልቅ ጉዳይ ነው፣ ቦታው ግን ሌላ ነው። እኔን ያሳሰበኝ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ክፍል፣ ጎን ለጎን በተቀመጡ ሁለት ወንበሮች መካከል ያለው ነው። አቋሜንም አብሬ ጽፌያለሁ። ሰውን በሆዴ እየናቅኩ አፌን ብዘጋ ቻልኩት አይባልም። ንቀት ካለ ዝምታውም ጠብ ነው።

መልሱ ስለበዛ ዘግይተው የገቡት ሰዎች ከላይ ጀምሮ ማንበብ ከብዷቸዋል። ስለዚህ የተባለውን በቁጥሩ እየተከተልኩ በራሴ አነጋገር አስቀምጠዋለሁ። የማንንም ጽሑፍ አልገለበጥኩም። የኔንም ሐሳብ መሃል መሃል ላይ እጨምራለሁ።

1ኛው መልስ ሰጪ ጨዋ ሰው ነው። እንደሱ ከሆነ ነገሩ ያን ያህል አያስደንቅም። መንገድ ላይ የገፋን ሰው አንድ ጊዜ ገፋን፣ ሄደ፣ አለቀ። የቻርጀሩ ጉዳይ ግን ስንተኛ ጊዜው ነው? ለባዳ የምንታገሰው አንድ ቀን ነው፤ ለቅርብ ሰው የምንጠየቀው ግን ያንኑ ነገር በየቀኑ እንድንታገስ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ማወዳደር ራሱ ፍትሐዊ አይደለም ባይ ነው። ይህን ነጥብ ወድጄዋለሁ። ኋላ የመጡት ብዙዎቹም ዞረው ዞረው ወደዚሁ ተመልሰዋል።

2ኛዋ ቀኑን ሙሉ ራሳችንን ስንገዛ ስለምንውል ማታ ላይ አቅሙ ተሟጦ እንደሚያልቅ ጻፈች። 3ኛው እዚህ ላይ አረማት። ራስን መግዛት እየተሟጠጠ የሚያልቅ አቅም ነው የሚለው ሐሳብ በሥነ ልቦና ዓለም ለረጅም ጊዜ የታመነ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ግን ከ20 የሚበልጡ ቤተ ሙከራዎች ተባብረው ከ2,000 በላይ ሰዎች ላይ ሲሞክሩት ውጤቱ ከዜሮ እምብዛም ፈቀቅ አላለም። ድካምና እንቅልፍ ማጣት ግልፍተኛ እንደሚያደርግ አልካደም። የፈራው ትዕግስቴ አልቋል የሚለው አባባል ሰበብ እንዳይሆን ነው። አረማት እንጂ አላዋረዳትም። እሷም 5ኛው ላይ ተመልሳ አመሰገነችው፤ ግን ቀን ደንበኛ ላይ ድምጿን ከፍ አድርጋ የማታውቀው ሴት ማታ ልጆቿ ላይ እንደምትጮህ፣ ስሙ ምንም ይባል ምን ይህ በየቀኑ የምታየው ነገር መሆኑን ነገረችን።

4ኛዋ ያመጣችው ታሪክ ከሁሉም ረዘም ያለ ነው፣ እኔም ደግሜ አንብቤዋለሁ። ባለቤቷ የማዕድ ቤቱን ካቢኔት ከፍቶ አይዘጋም። አንዱን ብቻ አይደለም፣ የነካውን ሁሉ። ብርጭቆ ሲፈልግ ሁለት በር፣ ማንኪያ ሲፈልግ አንድ መሳቢያ፣ እሱ ከወጣ በኋላ ማዕድ ቤቱ ሌባ የፈተሸው ይመስላል። ጎንበስ ብላ ስትነሳ የበሩ ጠርዝ ግንባሯን የመታበት ጊዜ አለ። ዓመታት ሙሉ እሷን ስለማይቆጥራት የሚያደርገው ይመስላት ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ምንም ሳትል ቆማ አየችው። ብርጭቆውን ሲያወጣ ዓይኑ አስቀድሞ ውሃው ላይ ነው፣ እጁ ወደዚያ ሄዷል፣ በሩ ለሱ የለም። በኋላ አማቷ ቤት ስትሄድ እዚያ ማዕድ ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ በር የሌለው መደርደሪያ ሆኖ አገኘችው። ልጁ ዕቃ አውጥቶ መዝጋት የሚባል ነገር ሳያውቅ ነው ያደገው። አሁንም አይዘጋም፣ እየተከተለች የምትዘጋው እሷ ናት። ግን አያናድዳትም። በዚያ ላይ እሷ ማለዳ ማንቂያ ደወሉን አምስት ጊዜ እያጠፋች ስትተኛ እሱ ትራሱን ጆሮው ላይ አድርጎ ዝም እንደሚል ያስተዋለችው በዚያ ሰሞን ነው።

እዚህ ላይ የኔን ልበል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ባልየው አልተለወጠም። ካቢኔቱም እንደተከፈተ ነው። የተለወጠው እሷ ለነገሩ የሰጠችው ምክንያት ነው። ንቀት ነው ብላ ያሰበችው ልማድ ሆኖ ሲገኝ ንዴቱ መቆሚያ አጣ። መቻቻል የሚጀምረው ከዚህ ይመስለኛል፤ ሌላው ሰው ያደረገውን ለምን እንዳደረገው ለማየት ጊዜ ከመስጠት።

6ኛው የሥነ ልቦና ተማሪ መሆኑን ገልጾ ለዚሁ ታሪክ ስም ሰጠው። ሊ ሮስ የሚባል የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1977 የሰየመው የአስተሳሰብ ስህተት አለ። የሌላውን ሰው ጥፋት በጠባዩ እንተረጉመዋለን፣ የራሳችንን ግን በሁኔታው። እሱ ሲያረፍድ ግድ የለሽ ስለሆነ ነው፤ እኔ ሳረፍድ መንገዱ ተዘጋግቶ ነው። ከዚያ 10 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1967፣ ጆንስና ሃሪስ የሚባሉ ተመራማሪዎች ስለ ኩባው መሪ ፊደል ካስትሮ የተጻፉ ጽሑፎችን ለሰዎች አስነብበው ነበር። ጸሐፊው ደግፎ ወይም ተቃውሞ እንዲጽፍ ታዝዞ መሆኑ እየተነገራቸው እንኳ አንባቢዎቹ የጸሐፊው የገዛ አቋም ወደዚያው የሚያጋድል መስሏቸዋል። ምክንያቱ በግልጽ ተነግሯቸው ሰዎቹ እንዲህ ከፈረዱ፣ ምክንያቱን ማንም ባልነገረን ቤት ውስጥ እንዴት እንደምንፈርድ መገመት አይከብድም።

7ኛው የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች በሚለው ተረት ጀመረና ያው ሮስ በ1979 ስለ ባልና ሚስት የሠራው ሌላ ጥናት እንዳለ ጨመረ። ባልና ሚስት ለየብቻ ከቤቱ ሥራ ስንቱን እጅ እንደሚሠሩ ሲጠየቁና የሁለቱ ሲደመር አብዛኛውን ጊዜ ከ100 በመቶ ያልፋል። 8ኛው አርሞታል። የ1979ኙ ሮስ ሌላ ሰው ነው፤ ማይክል ሮስ ይባላል፣ ጥናቱንም ከፊዮሬ ሲኮሊ ጋር ካናዳ ውስጥ ነው የሠራው። ከእርማቱ ይልቅ እኔን የያዘኝ 8ኛው ያከለው ነገር ነው። ሰዎቹ የጨመሩት በመልካሙ ሥራ ላይ ብቻ አልነበረም። ጠብ የምትጭረው አንተ ነህ ወይስ እሷ ተብለው ሲጠየቁም ሁለቱም የየራሳቸውን ድርሻ አብዝተው ነበር። እንግዲህ ነገሩ ጉራ ብቻ አይደለም። የራሳችንን ሥራም ጥፋትም የምናስታውሰው ስንሠራው እዚያው ስለነበርን ነው። ሌላው ሰው እኛ በሌለንበት ያጠበውን፣ የጠረገውን፣ የተወውን ነገር ከየት አምጥተን እናስታውሰው? እኔ ብቻ ነኝ የምችለው ብሎ የሚያስብ ሰው ይህን ጥናት ቢያውቀው ጥሩ ነው። ሌላው በዝምታ የቻለለትን አላየውማ።

9ኛዋ በትዳር ምክር ሥራ ላይ ያለች ናት። ጆን ጎትማን በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ባልና ሚስቶችን ለዓመታት ሲያጠና ከአለመግባባቶቻቸው 69 በመቶ ያህሉ እልባት የማያገኙ፣ ዓመት ቆይተው የሚመለሱ ሆነው አግኝቷቸዋል። አንዱ ቁጥብ ነው፣ ሌላዋ እጇ የተፈታ። አንዷ ሰው ትወዳለች፣ ሌላው ብቻውን መሆን ይፈልጋል። ይህ አይፈታም፤ አብረውት ይኖሩበታል። ቢሮዋ ከሚመጡት ብዙዎቹ ችግራችን ዛሬውኑ ይፈታልን ብለው እንደሚመጡ፣ እሷ ደግሞ የማይፈታ መሆኑን ማስረዳት ትልቁ ሥራዋ እንደሆነ ጽፋለች።

10ኛው ጠንከር አለ። ስለ ጎትማን ሲወራ ማን እንደሚፋታ ከ90 በመቶ በላይ አስቀድሞ ማወቅ ይችላል የሚባለውን መስማት ሰልችቶታል። ቀመሩ የተሠራው የተፋቱትና ያልተፋቱት ከታወቁ በኋላ ነው፤ ይህም ትንበያ ሊባል እንደማይገባ ሌሎች ተመራማሪዎች በጽሑፍ ተችተዋል። እውነቱን ነው። ግን 9ኛዋ ስለ ትንበያ አንድም ቃል አልጻፈችም። ያልተባለ ነገር ላይ መዝመቱ ትንሽ አስከፍቶኛል።

11ኛው እኔ ነኝ። የጎትማን ቀመር ይቅር፣ ከሥራው ውስጥ ለዚህ ክር የሚጠቅመን ሌላ ነው። ትዳርን ከሚጎዱት ጠባዮች አራቱን ለይቷል፦ ነቀፌታ፣ ንቀት፣ ሰበብ መደርደርና ጨርሶ መዘጋጋት። ከአራቱ የከፋው ንቀት ነው። ዓይን ማጉረጥረጥ፣ ከንፈር መምጠጥ፣ የሰውን አነጋገር እያስመሰሉ መድገም። ልብ በሉ፣ እነዚህ አብዛኞቹ የራሳቸው ቃል የሌላቸው ናቸው። ምንም አላልኩም እኮ የሚል ሰው በዓይኑ ሁሉንም ብሎ ጨርሷል።

ከዚህ በኋላ ነው ክሩ የጋለው።

12ኛው እንደሱ ከሆነ መቻቻል የፈሪዎች ነገር ነው። ቤቱ ውስጥ ያላማረውን ነገር እዚያው፣ በሰዓቱ፣ በሰው ፊትም ቢሆን ይናገራል። በሆዱ ነገር አይዝም። ቤተሰቡም ለምዶታል፣ ሰላም ነው። 13ኛዋ በአንድ መስመር ጠየቀችው። ቤተሰቡ ለምዶታል የሚለውን ቤተሰቡን ጠይቆ ነው ወይስ ስለማይመልሱለት? መልስ አልሰጣትም።

ከ14 እስከ 16 ያሉት ርዕሱን ለቀው ቴሌግራም ውስጥ ገቡ። መልእክት አንብቦ ሳይመልሱ መተው ንቀት ነው አይደለም ተባባሉ። አንደኛዋ ሁለቱ ምልክቶች እየታዩ ሦስት ሰዓት ዝም ከተባለች ሌሊቱን አትተኛም። ሌላው መልእክት ያነበበ ሁሉ ለመመለስ ነፃ ነው ማለት እንዳልሆነ፣ እሱ ስብሰባ ላይ ሆኖ ሰርቆ እንደሚያነብ አስረዳ። ከርዕሱ የራቀ ይመስላል እንጂ ያው የ6ኛው ነጥብ ነው። ከሁለት ትንንሽ ምልክቶች ተነስተን የሰውየውን ልብ ሙሉ በሙሉ እንጽፈዋለን።

17ኛዋ ወደ ርዕሱ መለሰችን። ባሏ ያንኮራፋል። እንዲህ እንደሚወራው ቀላል አይደለም፣ ጎረቤት ይሰማዋል። እሷ ግን ስለምትወደው ለዓመታት ችላው፣ አንዳንዴ ሳሎን ሶፋ ላይ እየተኛች፣ እሱ እንዳያፍር ደግሞ ማለዳ ቀድማ ወደ አልጋው እየተመለሰች ኖራለች። አንዳንድ ሌሊት ማንኮራፋቱ ድንገት ቀጥ ይልና ጸጥታው ከራሱ ከማንኮራፋቱ በላይ ያስደነግጣታል፤ ከዚያ እንደታነቀ ሰው ተንፍሶ ይቀጥላል። ይህን የጻፈችው የመቻል ምሳሌ እንዲሆን ነበር።

18ኛዋ ነርስ ናት። ያለ ምንም ማለሳለስ ይህ የሚቻል ነገር አይደለም አለቻት። ጮክ ያለ ማንኮራፋት፣ መሃል ላይ የሚቋረጥ ትንፋሽ፣ ታንቆ እንደመንቃት ማለት፣ ቀን ቀን ደግሞ ማንቀላፋት ካለ በእንቅልፍ ወቅት አየር መተላለፊያው እየተዘጋ ሊሆን ይችላል። ከደም ግፊትና ከልብ ሕመም ጋር የሚያያዝ፣ ነገር ግን ሕክምና ያለው ችግር ነው። በተለይ መኪና የሚነዳ ከሆነ መንገድ ላይ ማንቀላፋቱ ለሌላውም አደጋ ነው። ማፈሩን ትታ ባሏን ሐኪም ጋ ትውሰደው። 17ኛዋ ከሰዓታት በኋላ የመለሰችው ደንግጣ ነው። ቀን ቀን ያንቀላፋል ወይ የሚለውን ሐኪም ጠይቋት የማያውቅ ጥያቄ መሆኑን፣ መልሱ ግን አዎ መሆኑን ጻፈች።

19ኛው ከሷ ተከትሎ የአባቱን ነገር አነሳ። አባቱ ቴሌቪዥኑን ቤቱ እስኪንቀጠቀጥ ይከፍቱታል። ሲጠሩ አይመልሱም፣ ሲመልሱም የተጠየቁትን አይደለም። ልጆቹ አባታችን እልኸኛ ሆነ፣ ዕድሜ ነው፣ እንቻለው ተባብለው ተዉት። የልጅ ልጆቹ ሲያወሯቸው ይባስ ብሎ ፊታቸውን ያዞራሉ። በመጨረሻ ጆሯቸው ሲመረመር መስማት እየተሳናቸው መሆኑ ታወቀ። በዕድሜ የሚመጣው የመስማት ችግር አስቀድሞ የሚወስደው ቀጭኑን ድምፅ ነው። የሴትና የሕፃን ድምፅ የሚጠፋውም ለዚህ ነው፤ ሰው መናገሩ ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይም። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ከሆነ ከ60 ዓመት በላይ ከሆናቸው ሰዎች ከአራቱ ከአንዱ በላይ ይህ ችግር አለባቸው። ቤተሰቡ የቻለው መስሎት ሳለ ለካ አባትየው በገዛ ቤታቸው ብቻቸውን ነበሩ።

እነዚህ ሁለት ታሪኮች ክሩን ስከፍት ያላሰብኩትን በር ከፍተውልኛል። ችለን ዝም ያልነው ነገር አንዳንዴ ሊጠየቅ የሚገባው ነገር ነው። ሆድ ይፍጀው ብሎ መተው ከፍቅር የመነጨ ቢሆንም እንኳ ሰውየውን ብቻውን ሊያስቀረው ይችላል። ስለምንወደው ሰው ጠባይ እንዲሁ ነው ከማለታችን በፊት ምን ሆነህ ነው፣ ምን ሆነሽ ነው ብሎ መጠየቅ ምን ይከብዳል?

20ኛው በአጭሩ ሌላውን ጎን አሳየን። እሱ የሰው ማላመጥ ድምፅ አይችልም። ንዴት ብቻ አይደለም፣ ልቡ ይመታል፣ ተነስቶ መሮጥ ያምረዋል። ሚሶፎኒያ የሚባል ስም እንዳለው ያወቀው ከትልልቅ ጠቦች በኋላ ነው። ስሙ ራሱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። አሁን ቤተሰቡ ሲበላ ዝቅ ያለ ሙዚቃ ይከፈታል፤ እሱም ማንንም በዓይኑ መገላመጥ አቁሟል። ሁለቱም ወገን ትንሽ ትንሽ ቀረብ አሉ።

21ኛዋ ስትገባ የሁሉም ድምፅ ተለወጠ። የጻፈችው በቁጣ ነው፣ ቁጣዋም ይገባታል። እስከዚህ ድረስ ያነበበችው ሁሉ ስለ ካቢኔት በርና ስለ ማላመጥ ነው። እሷ ግን ቻይው የተባለችው ጥፊን ነው። እናቷ ቻይ አለቻት። እህቷ ቻይ አለቻት። የባሏ ወንድም ስሜታዊ ስለሆነ ነው፣ አንቺ ሆደ ሰፊ ሁኚ አላት። ማንም ሰው ባሏን ቻል ያለው የለም። መቻል የሚሰበከው ሁልጊዜ ለተመታው እንጂ ለመቺው አይደለም፤ ስለዚህ ይህን ቃል በበጎ የሚያነሳ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ለማን እየተናገረ እንደሆነ ያስብ። አሁን ከዚያ ቤት ወጥታለች። የወጣችበትን ቀን ግን ዛሬም ትዕግስት ያጣችበት ቀን አድርገው የሚያወሩ ዘመዶች አሏት።

22ኛዋ ከጎኗ ቆመች። ዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ግምት በዓለም ላይ ከሦስት ሴቶች አንዷ ያህል በሕይወት ዘመኗ አካላዊ ወይም ፆታዊ ጥቃት ደርሶባታል፤ አብዛኛውም ከትዳር ወይም ከፍቅር ጓደኛ የመጣ ነው። እንዲህ በበዛበት ዓለም ስለ መቻቻል የሚጽፍ ሰው ድንበሩን መጀመሪያ ላይ ማስመር አለበት።

እኔም ከሷ ጋር ነኝ፣ ሳላድበሰብስ ልናገረው። የሚመታን፣ የሚያስፈራራን፣ ገንዘብን ወይም ስልክን እየቀማ ሰውን የሚያስርን ሰው መታገስ መቻቻል አይደለም። እስካሁን ያወራነው ስለ ልማድ፣ ስለ ጠባይ፣ ስለ ምርጫ ልዩነት ነው። ጉዳት ሌላ ጉዳይ ነው። ጉዳት ይቆማል፣ ካልቆመም ይወጣሉ።

23ኛው ነገሩን ወደ ፍልስፍና ወሰደው። ኦስትሪያ የተወለደው ፈላስፋ ካርል ፖፐር እ.ኤ.አ. በ1945 ባወጣው መጽሐፍ የግርጌ ማስታወሻ ላይ እንዳለው መቻቻልን ያለ ገደብ ከሰጠነው መቻቻሉ ራሱ ይጠፋል፤ ስለዚህ ለማይታገስ ሰው መታገስ አይገባም። 24ኛዋ ግማሹን ብቻ ነው ያመጣኸው አለችው። ፖፐር በዚያው የግርጌ ማስታወሻ ላይ በክርክር መመከት እስከተቻለ ድረስ የማይታገሱትን አፍ መዝጋት ብልህነት እንዳልሆነ ጽፏል። የሱ ጉዳይ ደግሞ አገርና ኅብረተሰብ እንጂ ባልና ሚስት አይደለም። ጥሩ እርማት ነው። እኔ ግን 21ኛዋ ከኖረችው በኋላ ፖፐርን መጥራት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

25ኛው ያ የ12ኛው ሰው ነው። ተመልሶ መጥቶ 21ኛዋ የምትለውና እሱ የሚለው አንድ ነው፣ ሁለታችንም መቻል ይቅር ነው ያልነው አለ። 26ኛው ላይ እሷ ራሷ መለሰችለት። ከሁሉም መልሶች የከረረው ይኸኛው ነው። አንድ አይደለም። እሷ የምትፈልገው በሰላም መኖር ነው፤ እሱ የሚፈልገው ያሻውን እየተናገረ ማንም እንዳይመልስለት ነው። በሰው ፊት የሚታረም ልጅ፣ በእንግዳ ፊት የምትታረም ሚስት ሰላም ያሉት መልስ ስለሌላቸው ነው። ባሏም ቀጥተኛ ሰው ነኝ ይል ነበር።

27ኛዋ ሁለቱን ለማስታረቅ ሳይሆን ነገሩን ለማጥራት የዩኔስኮን ሰነድ ጠቀሰች። ኖቬምበር 16 ቀን 1995 አባል አገሮች ያጸደቁት የመቻቻል መርሆዎች መግለጫ ነው፤ ቀኑም ኋላ ዓለም አቀፍ የመቻቻል ቀን ተብሏል። ሰነዱ መቻቻል እጅ መስጠት እንዳልሆነ፣ ከላይ ሆኖ ዝቅ አድርጎ ማየትም እንዳልሆነ፣ ግፍን መሸከም ወይም የራስን እምነት መጣል ማለትም እንዳልሆነ በግልጽ ያስቀምጣል። ያጸደቁት መንግሥታት ናቸው። ግን ከላይ ሆኖ ማየት የሚለው ለኛም ቤት ይሠራል። የምችልህ ትልቅ ሰው ስለሆንኩ ነው የሚል ፊት የተጋፈጠ ሰው ያውቀዋል።

28ኛው ወደ ተግባር ገባ። ዝም ማለትም መጮህም ካልሆነ እንዴት ይባላል? እሱ የሚጠቀምበት ዘዴ ቀላል ነው። ሁልጊዜ እና በጭራሽ የሚሉትን ሁለት ቃላት ከአፉ አውጥቷል። ሁልጊዜ ትተዪዋለሽ ከማለት ዛሬ መብራቱ ሲበራ አደረ ይላል። ስለ ሰውየው ሳይሆን ስለ መብራቱ ነው። 9ኛዋ መጥታ ደገፈችው፤ ጎትማንም ንግግር እንደተጀመረበት ድምፅ ነው የሚያልቀው የሚለው ለዚህ ነው ብላ።

29ኛዋ ግን ተናግሬ ተናግሬ ባይለወጥስ አለች። ይህ የክሩ ከባዱ ጥያቄ ነው። 30ኛው መልስ ሰጣት። አንድሩ ክርስቲንሰንና ኒል ጃኮብሰን የሚባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች በፊት የነበረው የትዳር ሕክምና ሁለቱን ሰዎች በመለወጥ ላይ ብቻ ማተኮሩ ለብዙዎች እንዳልሠራ አይተው፣ ያልተለወጠውን መቀበልንም የሕክምናው አካል አደረጉት። ሰው እንዲለወጥ መገፋቱን ሲያቆም አንዳንዴ ያኔ ራሱ ይለወጣል። 31ኛዋ ይህ እንደ ማባበያ እንዳይወሰድ አስጠነቀቀች፤ ይለወጣል ብሎ የሚቀበል ሰው አልተቀበለም፣ እየጠበቀ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ለ29ኛዋ የምለው ግን ይህ ነው። ነገሩ ጉዳት ካልሆነ፣ በሰውየው ውስጥ የወደድሽው ነገር ከዚያው ካስመረረሽ ጠባይ ጋር የተሳሰረ መሆኑን እይ። ዳያን ፌልምሊ የምትባል የማኅበረሰብ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1995 እንዳሳየችው ሰዎች ከፍቅር ጓደኛቸው የሚጠሉት አንዳንድ ጊዜ መጀመሪያ የሳባቸውን ያንኑ ጠባይ ነው። ተጫዋችነቱ ቁም ነገር ማጣት ይሆናል፣ ቁጥብነቷ ቅዝቃዜ ይሆናል። አንዱን ነቅሎ ሌላውን ማስቀረት አይቻልም።

32ኛው ወጣት ነው። ከጓደኛው ጋር አንድ ክፍል ይጋራል። ጓደኛው ሌሊት ስልኩን በድምፅ ማጉያ ያወራል። ወራት ችሏል፣ አሁን ሰላምታው ሁሉ ከአንገት በላይ ሆኗል፤ ዛሬ ማታ ሊያናግረው ነው፣ በምን ልጀምር አለ። 33ኛዋ ስለ ድምፁ ብቻ እንዲያወራ፣ ወራት እንደቻለ እንዳይቆጥርበት መከረችው። 34ኛው መጀመሪያ እሱ ራሱ የሚያስቸግረው ነገር እንዳለ ጓደኛውን እንዲጠይቅ ሐሳብ ሰጠ። እኔ የ34ኛውን መርጫለሁ፣ አንድ ነገር ግን ልጨምር። ጓደኛህ በር ከፍቶ እንደገባ አትጀምረው። ጫማውን አውልቆ ይቀመጥ፣ ስልኩንም ያስቀምጥ፣ ከዚያ ጠይቀው፤ የሚነግርህን ደግሞ ሰበብ ሳትደረድር እስከ መጨረሻው ስማው፣ ምናልባት አንተም ሳታውቀው ሲችልህ የኖረው ነገር ይኖራል።